የማይጾመው ማሰሮ

ሁዳዴ ሊገባ ሲል፣ በቅበላው መጨረሻ፣ የእርጎ ማሰሮዬ ከእኔ ቤት ወጥቶ ካሚላ ቤት ይገባል። መንገዱ አጭር ነው። መርካቶ፣ ሰባተኛ ሰፈር ውስጥ በአንድ የቆርቆሮ በር የምንገባና የምንወጣ ጎረቤታሞች ነን፤ ከእኔ ደጃፍ እስከ እሷ ደጃፍ ልጅ ድኾ ይደርሳል። ቢሆንም ማሰሮው በነጠላ ተሸፍኖ ነው የሚሻገረው። ወተት ዓይን አይችልም።

እኛ ክርስቲያኖቹ እስከ ፋሲካ ወተት አንቀምስም። ማሰሮው ያን ያህል ጊዜ ደርቆ ከተቀመጠ ደግሞ ከሥሩ የምንተወው እርሾ ይሞታል። ካሚላ እስላም ስለሆነች ጾማችን አይመለከታትም። ስለዚህ ወተት እየጨመረች፣ ሲረጋ እየጠጣች፣ ጥቂት ከሥሩ እየተወች ታቆይልኛለች። ፋሲካ ሲሆን ማሰሮው በዚያው ነጠላ ተሸፍኖ ወደ እኔ ይመለሳል። ይህን ልማድ ማን እንደጀመረው አላስታውስም። እሷ ከስልጤ አገር መጥታ ሐምዱን፣ እኔ ከጎጃም መጥቼ ወርቁን አግብተን እዚህ ግቢ ከገባን ጀምሮ እንዲሁ ነን።

እርሾው የእናቴ ነው። ከአገሬ ስነሣ እናቴ አንዲት ቁራጭ ጨርቅ እርጎ ውስጥ ነክራ፣ ጥላ ላይ አድርቃ፣ በትንሽ ቅል ከታ ሰጠችኝ። አዲስ አበባ ደርሼ ጨርቁን ወተት ውስጥ ብዘፈዝፈው በማግስቱ ረጋ። እንዴት ከደረቀ ጨርቅ እርጎ እንደተነሣ ያን ጊዜ አልጠየቅሁም። ወተት ይረጋል፣ ፀሐይ ይወጣል፣ ማን ይጠይቃል?

ካሚላን የለመንኋት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከእርሾው ለማንም እንዳትሰጥ። ከእኔ ቤት የወጣ ሁሉ በረከቴን ይዞብኝ የሚሄድ ይመስለኛል። ደግሞም በለጥሻቸው አለች። በለጥሻቸው ልጄ ናት፤ ገና መሮጥ መጀመሯ ነው። ከእሷ በፊት አንድ ልጅ ቀብሬያለሁ፣ ስለዚህ እሷ ስታስነጥስ እኔ እነሣለሁ፤ እሷ ዝም ስትል ደግሞ የባሰ እነሣለሁ። ካሚላ ፍርሃቴን ታውቃለች። ለማንም አልሰጥም ብላ ቃል ገባችልኝ።

ዘንድሮ ግን ማሰሮውን በሁለት እጄ አቅፌ ነው ያሻገርሁት፤ ውስጡ ያሉትን አይቻቸው ነበርና።

ያየሁበት ቦታ ትምህርት ቤት ነው። ከሰዓት በኋላ፣ ልጆቹ ሲለቀቁ፣ እነሱ ከተነሡባቸው አግዳሚ ወንበሮች ላይ እኛ እናቶች ተቀምጠን ፊደል እንማራለን። አስተማሪያችን ወልደሚካኤል የሚባል ወጣት ነው። ጠዋት ጠዋት በአንድ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ይሠራል፤ ከሰዓት ደግሞ ያለ ደመወዝ ለእኛ ሀ ሁ ያስቆጥራል። የጽዳት ትምህርትም አልፎ አልፎ ይጨምርልናል። አንድ ቀን ስለ በለጥሻቸው ጠየቅሁት። በክረምቱ የሳንባ ምች ይዟት የፔኒሲሊን መርፌ ተወግታ ነበር፤ ሳንባዋ ሲድን ሆዷ ተቃወሰ። ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ እርጎ ስጫት፣ ግን ወተቱ አስቀድሞ ይፍላ፣ ባልፈላ ወተት የሳንባ ነቀርሳም ይመጣል አለችኝ። እኔም ያለችኝን አደረግሁ፤ ልጄም ዳነችልኝ። ያልገባኝ አንድ ነገር ነበር። ጥሬ ወተት ብቻውን ይረጋል። የፈላው ግን እርሾ ካልጨመርሁበት ይበላሻል እንጂ አይረጋም። እሳቱ ከውስጡ ምን ወስዶበት ነው?

መምህሩ ጥያቄዬን እንደ ዋዛ አላለፈውም። ከዚያ እርጎ ጥቂት በጠርሙስ ይዤ እንድመጣ ነገረኝ። እሱም በቀጠሮው ቀን ማይክሮስኮፕ የሚሉትን መሣሪያ በፎጣ ጠቅልሎ፣ እንደ አራስ ልጅ አቅፎ መጣ። ከእርጎው አንዲት ጠብታ በቀጭን መስታወት ላይ ቀባ፤ በእሳት ላይ አሳለፈው፣ ሰማያዊ ቀለም አፈሰሰበት፣ በውኃ አጠበው። ከዚያ ተሰለፉና እዩ አለን።

መጀመሪያ ያዩት እትዬ ታንጉት ናቸው። ጎንደሬ ናቸው፤ በግቢያችን ጠላ ይጠምቃሉ፤ በዕድሜ ሁላችንንም ይበልጣሉ፤ አፋቸው ደግሞ ከዕድሜያቸው ይቀድማል። ጎንበስ ብለው ብዙ ቆዩና ቀና አሉ።

«እኔ ያየሁት የገዛ ሽፋሽፍቴን ነው» አሉ። «እሱም ሸብቷል።»

ተራዬ ሲደርስ እኔም መጀመሪያ የራሴን ሽፋሽፍት ነው ያየሁት። መምህሩ አንዲት ነገር ዞር አደረገና ብርሃኑ ጠራ። ነጥቦች ነበሩ። ሁለት ሁለት ሆነው የተቀመጡ፣ አንዳንዶቹም እንደ መቁጠሪያ የተሰኩ። በመካከላቸው ደግሞ አጫጭር ጭረቶች። በዚያው ሳምንት ቃልን ከቃል የምንለይበትን ሁለት ነጥብ ተምረን ነበር፤ ደብተሬ ውስጥ ያለው ሁሉ ተራግፎ እዚያ መስታወት ላይ የፈሰሰ መሰለኝ። ዓይኔን ማንሣት አቃተኝ። ከኋላዬ ያሉት እስኪያጉረመርሙ ድረስ አየሁ።

እነዚህ ሕያዋን ናቸው አለን መምህሩ። ይበላሉ፣ ይባዛሉ፣ የወተቱን ጣፋጭነት በልተው ወደ ኮምጣጣነት ይለውጡታል፤ ወተቱ የሚረጋው በዚያ ኮምጣጣ ነው። በጥሬ ወተት ውስጥ ከጎጂዎቹ ጋር ተደባልቀው ይገኛሉ። ሲፈላ ጥሩውም መጥፎውም ያልቃል፤ ከዚያ ጥሩዎቹን ብቻ መልሰን የምንዘራው በእርሾ ነው። የእትዬ ታንጉት ጠላም የሚፈላው በሌሎች ጥቃቅን ሕያዋን ነው ቢል፣ እትዬ ታንጉት ይህን ሁሉ ዘመን ስንት ነፍስ ለወንዶቹ ሳስጠጣ ኖርኩ ብለው ሴቶቹን አሳቁ። መምህሩ ግን አላበቃም። የልጄ መርፌ፣ ያ ፔኒሲሊን፣ መጀመሪያ የተገኘው ከሻጋታ ነው አለ።

እትዬ ታንጉት መቀመጫቸውን አስተካከሉ። «እንግዲያው ለውሻ የምጥለው የሻገተ ዳቦ መድኃኒት ነው በለኛ።»

ይህን ጊዜ የመምህሩ ፊት ተለወጠ። «እንዳይሞክሩት፣ እትዬ ታንጉት። ሻጋታ አንድ ዘር አይደለም። መድኃኒት የሚሰጠው ተለይቶ፣ በንጹሕ ጠርሙስ ብቻውን ተዘርቶ፣ ያወጣው ነገር ተጣርቶና ተለክቶ ነው መርፌ የሚሆነው። በእርስዎ ዳቦ ላይ የበቀለው ማን እንደሆነ እኔም አላውቅም። መርዝ ሊሆን ይችላል።»

ነገሩ ሁሉ በዚያ ነው አለን፤ የምንፈልገውን ማብቀል፣ የማንፈልገውን አለማስገባት። ዕቃውን በፈላ ውኃ እጠቡ፣ አድርቁ፤ በወይራ ጢስ ማጠናችሁም ጥሩ ነው፤ ክዳኑን አትክፈቱ፤ ጣታችሁን ወተት ውስጥ አትንከሩ፣ ምክንያቱም ጣት የነካውን ሁሉ ይዞ ይገባል። የመጨረሻውን እኔ እንደ ትእዛዝ ወሰድሁት። ወደ ቤት ስመለስ እጄን ያየሁት እንደ እንግዳ ሰው እጅ ነበር።

እንግዲህ በቅበላው መጨረሻ ማሰሮውን ለካሚላ ሳሻግር እንደ በፊቱ ሸክላና እርጎ ብቻ የያዝሁ አልመሰለኝም። ያየሁትን ሁሉ ነገርኋት። ካሚላ አዳምጣ ስታበቃ ማሰሮውን በዓይኗ መረመረችው፤ ይህን ያህል ተከራይ በነጻ አስቀምጬ ኖሬያለሁ አለች።

ጾሙ እኩሌታው ላይ ሲደርስ ከስልጤ መርዶ መጣ። የካሚላ አባት ዐርፈው ነበር። እሷና ሐምዱ በዚያው ጠዋት ሊነሡ ሆነ። ዓይኗ አብጦ፣ ሻንጣዋ ተዘግቶ፣ አንድ ነገር ብቻ አልረሳችም፤ ማሰሮውን በነጠላው ሸፍና ወደ እኔ አመጣችው። በለጥሻቸው ያለ እሱ አትውልም፣ እስክመለስ እንዳታስርቢያቸው አለችኝ።

ማሰሮው በጾም መካከል ቤቴ ሲገባ ይህ የመጀመሪያው ነው፤ እስከዚያ በለጥሻቸው የምትጠጣው ካሚላ ዘንድ ነበር። ልጄ ሰባት ዓመት ያልሞላት ስለሆነች ብትጠጣ ነውር የለውም። እነዚያ ነጥቦች ግን አሳሰቡኝ። በገዛ እጄ በሁዳዴ ወተት የማበላቸው ሕያዋን ናቸው። የነፍስ አባቴ መምሬ ዘውገ ጠበል ሊረጩልን ሲመጡ ጠየቅኋቸው። በመጀመሪያ ስለ ምን እንደማወራ አልገባቸውም፤ ስለ ማይክሮስኮፑ ነገርኋቸው። ጢማቸውን እየዳበሱ ሰሙኝ።

«አንቺ ትቀምሻለሽ?» አሉኝ።

«አልቀምስም፣ አባቴ።»

«እንግዲያው አንቺ ጹሚ። ፍጥረት ሁሉ አልጾመም፤ ላሟም ሣሯን እየጋጠች ነው። ብቻ ከንፈርሽን ጠብቂ።»

ቀለል አለኝ። ከንፈሬን ለመጠበቅም ወሰንሁ።

ወተት የምታመጣልን ሴት ከኮልፌ በኩል ነው የምትመጣው። በማግስቱ ወተቱን ተቀብዬ በብረት ድስት አፈላሁት። ልቤ ስላልረጋ ደግሜ አፈላሁት። ከዚህ በኋላ ነው ችግሩ። እናቴ የወተቱን ሙቀት የምታውቀው ጣቷን ነክራ ነበር። ካሚላ ደግሞ ማንኪያውን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ነው። ጣቱን መምህሩ ከልክሎኛል፣ ከንፈሩን መምሬ ዘውገ። ቆሜ አሰብሁ። ከዚያ ወተቱን እንዳለ ማሰሮው ውስጥ፣ በእርሾው ላይ ገለበጥሁና ማሰሮውን ከውጭ በመዳፌ ዳሰስሁት። ለብ ብሏል። ደስ አለኝ፤ ሁለቱንም ትእዛዝ ሳልጥስ ዘዴ አገኘሁ ብዬ። በጋቢ ጠቅልዬ ጥግ አስቀመጥሁት።

ሸክላ የውስጡን ሙቀት ወደ ውጭ ለማውጣት እንደሚዘገይ የማላውቅ ሴት አይደለሁም። ወጥ ስሠራ የኖርሁት በምን ሆኖ? ግን በዚያ ቀን ጣትና ከንፈር ብቻ ነበር በአእምሮዬ ያለው።

ሲነጋ ጋቢውን ፈታሁ። ወተቱ እንደ ወተት ነበር። ምናልባት ቀዝቅዞበት ይሆናል ብዬ ፀሐይ አጠገብ አስጠጋሁት። ወደ ማታ አካባቢ ከላይ ቢጫ ውኃ አቀረረ፤ ሽታውም እንደ እርጥብ ጨርቅ ሆነ። ቀምሼ መፍረድ አልችልም። በለጥሻቸው ግን ማንኪያውን ስታይ ሮጣ መጣች። እርጎን ጎ ነው የምትለው። ጎ፣ ጎ እያለች መጣችና ማንኪያው አፍንጫዋ ሥር ሲደርስ ቆመች። አፏን ገጥማ፣ አንገቷን አዙራ፣ እንዳታለልኋት ሁሉ ከሥር ወደ ላይ አየችኝ። ማንኪያውን መለስሁት። እርሾውን እንደገደልሁት ያወቅሁት በዚያ አስተያየቷ ነው።

ከዚያ በኋላ የሰጠኋት ሁሉ አልሆን አለ። አጥሚቱን ትተፋዋለች። የፈላ ወተት ብሰጣት ተቅማጡ ተመለሰ። ያ የክረምቱ ተቅማጥ፣ ዓይኗን ያጎደጎደው። ወርቁ ከእህል በረንዳ የጤፍ ጆንያ ሲያወርድ ውሎ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያየው የልጁን ፊት ነው፤ ማታ አይቷት ምሳ ዕቃውን ሳያስቀምጥ ቆሞ ቀረ። እትዬ ታንጉት ወተት አምጪዋ ከራሷ እርጎ ትስጥሽ፣ ከዚያ ላይ አስነሺ አሉኝ። የእሷ ግን ከጥሬ ወተት የረጋ ነው፤ በውስጡ ማን እንዳለ አላውቅም። ነርሷ ያለችውም በጆሮዬ አለ። ብሰጣትም ፈራሁ፣ ባልሰጣትም ፈራሁ።

በማግስቱ የተበላሸውን ወተት በጠርሙስ አድርጌ፣ በለጥሻቸውን አዝዬ፣ ትምህርቱ ሳይጀመር መምህሩ ዘንድ ሄድሁ። ማይክሮስኮፑ እዚያው ቁም ሣጥን ውስጥ ነበር። የሞቱትንና የተኙትን ለይልኝ አልሁት። አንድ እንኳ የተኛ ካለ እንቀሰቅሰዋለን ብዬ ነው።

«ይህ መስታወት የሞተውንም ያልሞተውንም አንድ አድርጎ ነው የሚያሳየው» አለኝ። «በእሳት ሳሳልፋቸው እኔ ራሴ እገድላቸዋለሁ። በሕይወት መኖራቸውን የሚያውቅ ወተት ብቻ ነው፣ እትዬ ፋናዬ። ወተቱ ደግሞ መልሱን ነግሮዎታል።»

ቢሆንም ቀብቶ አየልኝ፤ እኔም አየሁ። ሁለት ነጥቦቼ እዚህም እዚያም ጥቂት ነበሩ። የቀረውን ቦታ የማላውቃቸው ወፋፍራም ነገሮች ይዘውታል። እርሻው ባዶ ሲሆን አረም ገባበት አለኝ። ከዚያ ምን እንዳደረግሁ ከመጀመሪያው ጀምሬ እንድነግረው ጠየቀኝ። ስለ ጣቱ፣ ስለ ከንፈሩ፣ ስለ ሸክላው ነገርሁት። እንደሚስቅብኝ ገምቼ ነበር። አልሳቀም። ጣት አትንከሩ ብሎ ሲያስተምር፣ በምን እንደምንለካ ግን ሳይነግረን እንደቀረ ተናገረ። እጅጌዬን እንድሰበስብ አደረገኝ፤ ከወተቱ አንዲት ጠብታ በንጹሕ ማንኪያ አንሥተሽ እዚህ፣ ከእጅ አንጓሽ በውስጥ በኩል አንጠብጥቢ፤ ካላቃጠለሽ፣ ልክ እንደ ሰውነትሽ ለብ ካለሽ፣ እርሾውን ጨምሪ አለኝ። ጠብታዋ ወደ ድስቱ አትመለስም፤ ወደ አፌም አትገባም። ይህን ያህል ቀላል ነገር ነበር።

ከዚያ እሱ የሚሠራበት ቦታ እንዴት እንደሚያደርጉ ነገረኝ። እነሱ የሚያበቅሉትን ነገር በአንድ ብልቃጥ ብቻ አይተዉም። ከአንዱ ከፍለው በሌላ ያኖራሉ፣ ሌላውን በቀዝቃዛ ቦታ ያስቀምጣሉ፤ አንዱ ቢሞት ወይም ቢበከል ከሌላው ያስነሣሉ። ይህን እየነገረኝ ሳለ በለጥሻቸው ጀርባዬ ላይ ማልቀስ ጀመረች። ለቅሶዋ አቅም አልነበረውም።

«የእርስዎ እርሾ ሌላ ማን ቤት አለ?» አለኝ።

«ማንም ቤት የለም» አልሁት። ማንም ቤት እንዳይኖር ያደረግሁት ራሴ ነኝ አላልሁትም።

ከትምህርት ቤቱ ስወጣ ወደ ቤት አልሄድሁም። ካሚላ ከስልጤ መቼ እንደምትመለስ አላውቅም። ነገር ግን የባሏ የሐምዱ እኅት እትዬ ፋጢማ ሶማሌ ተራ ይኖራሉ፤ ካሚላ ከሴት ሁሉ ይልቅ የምትቀርበው እሳቸውን ነው። ለሰው ሰጥታ ከሆነ ለእሳቸው ነው የሰጠችው። በተሸካሚውና በጋሪው መካከል እየተሽሎከሎክሁ ስሄድ፣ የምመኘው ነገር ለራሴ አስገረመኝ። ጓደኛዬ ቃሏን አፍርሳ እንድትገኝ እየተመኘሁ ነበር። ካሚላ እንዳመንኋት ሆና ከተገኘች ልጄ የምትበላው የለም።

እትዬ ፋጢማ ከሱቃቸው ጀርባ ባለው ቤታቸው ተቀብለውኝ፣ አስቀምጠውኝ፣ ስለ ሐዘኑ ተነጋገርን። ውኃ አመጡልኝ። ውኃውን ይዤ ጠየቅኋቸው።

«ካሚላ ከእርጎዬ እርሾ ሰጥታዎት ያውቃል?»

«አልሰጠችኝም» አሉ ወዲያው። «ካሚላ ቃሏን የምታፈርስ ሴት ናት እንዴ? ያንቺን ነገር እንደ ዓይኗ ብሌን ነው የምትጠብቀው።»

ስለ ቃሉ እኔ ምንም አልነገርኋቸውም ነበር። ብርጭቆውን አስቀመጥሁ። ተስፋዬ የተነሣው እሳቸው ሲክዱ ነው። ግን እንዴት ልበላቸው? ለጓደኛዬ ታማኝ ሆነው የሚዋሹላትን ትልቅ ሰው ውሸታም ማለት አልችልም። በለጥሻቸውን ከጀርባዬ አውርጄ ጭኔ ላይ አስቀመጥኋት፤ ፊቷን ያን ጊዜ ነው ያዩት።

«ይቺ ልጅ ምን ሆነች?»

ነገርኋቸው። ሳልጨርስ ተነሡ። ከጓዳ ሲመለሱ በእጃቸው ትንሽ ጎድጓዳ ሳህን ነበር፤ በላዩ ነጭ ጨርቅ ጣል አድርገውበታል። አጠገቤ ቁጭ ብለው ማንኪያውን ወደ ልጄ አፍ አስጠጉ። በለጥሻቸው አንገቷን ወደ ኋላ ሳበች። ከዚያ አፍንጫዋ ተንቀሳቀሰ።

«ጎ» አለች።

ማንኪያውን በሁለት እጇ ያዘችው። በላች። ሁለተኛውን ስንዘገይባት ሳህኑን ጎተተች። እትዬ ፋጢማ ልጄን ሲያበሉ ቆዩና፣ ሳህኑ ሊያልቅ ሲል፣ ለእኔ ሳይሆን ለእሷ እንደሚናገሩ ሆነው፣ «አንቺስ ቃል አልገባሽም» አሏት።

ከዚያ ነገሩን አወጡት። በዚሁ ሁዳዴ መጀመሪያ፣ ማሰሮው ካሚላ ዘንድ ሳለ የእሳቸው የልጅ ልጅ እንደ በለጥሻቸው ሆዱ ተቃውሶ ወድቆ ነበር። ካሚላ አይታ ሄደች፣ ተመልሳ መጣች፣ በነጠላዋ ሥር ትንሽ ቅል ይዛ። ወተቱን ሳታፈሉ እንዳትጨምሩበት፣ ፋናዬ እንዲህ ነው የምታደርገው አለቻቸው። ፋናዬ እንዳትሰማ ብላም አስማለቻቸው። ልጁ ሲድን አጎራባቾቹ ጠየቁ፤ እትዬ ፋጢማ ለእነሱ ሰጡ። እነሱ ለማን እንደሰጡ አያውቁም። እህል በረንዳ በኩል አንዲት ባልቴት እንዳላት ግን ሰምተዋል።

እኔ አንድ ማሰሮ ስጠብቅ የእናቴ ጨርቅ መርካቶን አዳርሷል። ልቆጣ ፈልጌ ነበር፤ ቁጣው ከየት እንደሚመጣ ፈለግሁና አጣሁት።

እትዬ ፋጢማ ዕቃ አምጪ አሉኝ። ዕቃ አልያዝሁም ነበር፤ በራሳቸው ቅል ቀድተው ሰጡኝ። ልሸፍነው ነጠላዬን ሳነሣ ደግሞ እጃቸውን ዘርግተው ክዳኑን አጠበቁልኝ፤ ከዓይኑ ይልቅ አቧራውን ፍሪ፣ ይህ ሶማሌ ተራ ነው አሉኝ።

ቤቴ ደርሼ ማሰሮውን በፈላ ውኃ ደጋግሜ አጠብሁት፣ አደረቅሁት፣ በወይራ አጠንሁት። ወተቱን አፈላሁ። ጠብታውን በእጄ አንጓ ላይ አንጠበጠብሁ፤ አቃጠለኝ። ጠበቅሁ። እንደገና አንጠበጠብሁ፤ አሁንም ትንሽ ቆነጠጠኝ። ወርቁ በሩ ላይ ቆሞ ያየኛል፤ ምን እያደረግሽ ነው ሲለኝ ዝም በል አልሁት። ኋላ ጠብታዋ መውደቋን እስከማላውቅ ድረስ ሆነች፤ የእኔ ሙቀትና የወተቱ ሙቀት አንድ ሆነ። እርሾውን ያን ጊዜ ጨመርሁ። ከእትዬ ፋጢማ ቅል ውስጥ ግን ጥቂት አስቀረሁ።

ሲነጋ ማሰሮውን ዘንበል ባደርገው አልፈሰሰም።

ካሚላ ከሐዘኗ ስትመለስ በለጥሻቸው በግቢው ውስጥ ዶሮ ታባርር ነበር። ላጽናናት ገባሁ፤ ብዙ ጊዜ ስለ አባቷ ስታወራ አዳመጥሁ። በመጨረሻ ማሰሮው ደህና ነው ወይ አለችኝ። ደህና ነው አልኋት። ከዚያ አላስችል አለኝ።

«ለማንም አልሰጠሽም አይደል?»

«ለማን እሰጣለሁ?» አለች፣ ዓይኗን ወደ ምንጣፉ አድርጋ።

«ጥሩ። እኔ ደግሞ እትዬ ፋጢማ ቤት ያለው የማን ይሆን ብዬ።»

ካሚላ ቀስ ብላ ቀና አለች። የሆነውን ሁሉ ነገርኋት፤ ሸክላውን፣ ጣቱን፣ ከንፈሩን። ስለ ሁለቱ ትእዛዝ ስትሰማ፣ አባቷ ከሞቱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ሳቋ ወደ ለቅሶ ተለወጠ፣ ከዚያ እንደገና ወደ ሳቅ። ይቅር በይኝ አላለችም፤ እኔም አልጠበቅሁም።

ፋሲካ መጣ። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ከሁሉ በፊት ማሰሮውን ከፈትሁ። ያን ሁሉ ጊዜ የልጄን አፍ አምኜ ነበር እንጂ ራሴ አልቀመስሁትም። አንድ ማንኪያ ወሰድሁ፤ አፌ ውስጥ ይዤ ቆየሁ። የእናቴን ይመስላል፤ ግን ከእናቴ ይልቅ ኮምጠጥ ይላል፣ የማላውቀው እንጨት ጢስም ከኋላው አለው። የእትዬ ፋጢማ ቤት ጢስ ይሆናል። ወይስ እነዚያ ነጥቦች ሰው ቤት ሲኖሩ የሰው ቤት ጠባይ ይለምዳሉ? ወይስ የእናቴ ጣዕም ድሮም እንዲህ ኖሮ የረሳሁት እኔ ነኝ? መምህሩን እጠይቀዋለሁ። ባያውቀውም ደስ ይለዋል።

ከበዓሉ በኋላ አሮጌ ነጠላ ቀድጄ ቁርጥራጭ አደረግሁ። ቁርጥራጩን አፈላሁ፣ እርጎ ውስጥ ነከርሁ፣ ዝንብ እንዳያርፍበት በወንፊት ሸፍኜ ጥላ ላይ አደረቅሁት። አንዱን ወስጄ ለእትዬ ታንጉት ሰጠኋቸው። በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው አገላብጠው አዩት።

«ዓይን ይበላዋል እያልሽ የምትደብቂው ይኸው ነው?»

«ይብላው» አልኋቸው። «ሌላም ቤት አለ።»